አንሣው የተባለው ታዘበው

የብቸናዋ ወይዘሮ አየሁሽ ልጃቸውን ታዘበው ያሉት ለካሜራ ብለው አይደለም። ያኔ ካሜራ ማን ያስባል። የባላቸው ወንድም ለአራስ ጥየቃ ከየጁቤ ድረስ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ቢመጣ፣ «እግዜር ይታዘበው» አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። የልጁ አባት ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ለልጁ የቀሩለት ስሙ፣ ቂሙና አንድ ፎቶ ናቸው።

በዚያ ዘመን ፎቶ መነሣት ቀላል ነገር አልነበረም። ባለ ፎቶው በዓመት ሁለቴ፣ ለመስቀልና ለጥምቀት ይመጣና የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ በአንሶላ ጋርዶ ይቆማል። ሰው ከገጠር ገስግሶ፣ ጫማ ተዋውሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይነሣል። ፎቶው ታጥቦ የሚመጣው በሚቀጥለው በዓል ነው፤ እስከዚያ የሞተም፣ የተፋታም አለ። ወይዘሮ አየሁሽ ከባላቸው ጋር የተነሡት አንዴ ብቻ ነው። በእሱም ላይ ባላቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ታዘበው ያንን ፎቶ እያየ አደገ። ባለ ፎቶው አባቴን ለምን እንደገና አላነሣውም እያለ እናቱን ይጠይቅ ነበር። እናቱ ምን ይበሉ፤ «ወረፋ ነበር» ይሉታል።

አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰ፣ በቅጥቅጥ አውቶቡስ በጉንደ ወይን በኩል አቧራ ሲጠጣ ውሎ ሞጣ ገባ። እዚያ አቶ አብዱልሐኪም የሚባሉ የፎቶ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ አባታቸውም አያታቸውም የሞጣ ነጋዴዎች፣ እሳቸው ግን ከጨርቅ ወደ ካሜራ የዞሩ። ክርስቲያኑ በጾም ሠርግ ሲያቆም የእስላሙ ኒካህ አለ፤ እስላሙ በረመዳን ጋብ ሲል የክርስቲያኑ ድግስ ይደርሳል። የአቶ አብዱልሐኪም ካሜራ ጾም አያውቅም ነበር። ታዘበው ሠርግ ማንሣትን ከእሳቸው ተማረ፤ አራት ዓመትም አብሯቸው ሠራ።

ሥራውን ማንም አይነቅፍበትም። አንድ አመል ግን ነበረው፤ ማስደገም። ሙሽራው ከመኪና ወርዶ ሁለተኛው እግሩ መሬት ሳይነካ፣ «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ተመለስና እንደገና ውረድልኝ» ይለዋል። የሚዜ ጭፈራ ያስደግማል። እልልታ ያስደግማል። ጉንደ ወይን ላይ አንዲትን ሙሽራ ከእናቷ ጋር ሦስት ጊዜ አሰናበታት፤ በሁለተኛው እናቲቱ እውነትም አለቀሱ፣ በሦስተኛው ግን «አሁንስ ትሂድልኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

አቶ አብዱልሐኪም በማስደገሙ አይቆጡትም። የሚቆጡት ሌላ ነገር ላይ ነው። «ደጋሽ የሚያፍርበትን ነገር ካሜራው አላየውም በል» ይሉታል። እናም ሙሽራ ከበቅሎ ሲወድቅ፣ አማቾች በጥሎሽ ሲጨቃጨቁ፣ ታዘበው ያንን ቆርጦ ያወጣና በቦታው የጽጌረዳ ሥዕል ያስገባል። በዚያ ዘመን የተዳሩ የሞጣ ሰዎች ካሴታቸው ላይ ጽጌረዳ ከበዛ፣ ድግሱ ሰላም አልነበረም ማለት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ወረዳው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለውትድርና የሚመዘገቡ ወጣቶች ይፈለጋሉ፤ የምስልና የድምፅ ሙያ ያላቸው ቢመጡ ይመረጣል። ታዘበው ካሜራ በትከሻው ተሸክሞ ሲሮጥ በቴሌቪዥን ያየው አንድ ወታደር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአቶ አብዱልሐኪም ካሜራ መጫወቻ ትመስለው ጀመረች። ሄዶ ተመዘገበ። አቶ አብዱልሐኪም ትከሻውን መታ መታ አድርገው መረቁትና፣ «ብቻ እዚያ ሙሽራ የለም፤ ዕወቀው» አሉት።

ወይዘሮ አየሁሽ ሁለት ቀን አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን የማርያም ማኅበር ነበረና ፊታቸውን ታጥበው ሄዱ፤ እዚያም ልጄ የጦር ሠራዊቱ የካሜራ አለቃ ሆኗል ብለው አረፉት። ማኅበርተኛው ሁሉ እግዜር ይጠብቀው አለ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ ብቻ ብርሌያቸውን አስቀምጠው፣ «ካሜራ ይዞ የሚዘምት ወታደር?» አሉ። «ምን ሊያደርግ፣ ጠላትን ሊድር?»

ሴቶቹ ሳቁ። ወይዘሮ አየሁሽ ግን ያን ቀን ዳቦው አልዋጥላቸው አለ።

ታዘበው የምልምል ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ቪዲዮው ኮርስ ሲገባ፣ አለቃ መሆን ቀርቶ ቀራጭ መሆኑም ገና እንዳልለየለት ዐወቀ። ሠልጣኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ የሚያልፉት ስምንት። የቀሩት አራቱ ወደ ወጥ ቤት ይመደባሉ። ወዲያው ለእናቱ ደወለና፣ እማዬ፣ እስኪለይልኝ ለማንም እንዳትነግሪ አላቸው።

«ለማን እነግራለሁ፣ ለማኅበሩ ብቻ ነው የነገርኩት» አሉት።

ማኅበሩ ስንት ሰው እንደሆነ ያውቃል። ሃያ አራት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታዘበው በተኛም፣ በተነሣም ቁጥር የሚያየው ወይዘሮ ይርጋነሽን ነው። ድንች ሲልጥ በር ላይ ቆመው ያዩታል።

ኮርሱን የምትሰጠው ሻምበል ጥሩአየሁ የምትባል ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች። ታዘበው ስሟን ሲሰማ ደስ አለው፤ እናቴ አየሁሽ፣ እኔ ታዘበው፣ አለቃዬ ጥሩአየሁ፣ ነገራችን ሁሉ የዓይን ነው አለ በልቡ። ሻምበል ጥሩአየሁ ግን እሱ ከመጣ ወዲህ ጥሩ ነገር አላየችም።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ካሜራ የሚባል አልነኩም። ለየአንዳንዳቸው አሸዋ የተሞላች የእንጨት ሣጥን ተሰጠቻቸው፤ ክብደቷ የካሜራው ነው። እሷን ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ጉልበትን ሰበር አድርጎ፣ እንደ ዳክዬ ሜዳውን መዞር ነው። ሣጥኗ ላይ ውኃ የሞላ ጣሳ ይቀመጣል። ውኃው ከፈሰሰ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ታዘበው ሦስተኛው ቀን ላይ በሣጥኗ ፊት በከሰል ክብ ሥሎ ዓይን አበጀላት፤ ሳይታወቀውም ሜዳው ዳር ለቆሙ ዘበኞች «ፈገግ በሉ» ሲል ተያዘ።

ካሜራው ሲመጣ ሕጉም አብሮ መጣ። አንድ ነገር ስትቀርጽ በልብህ እስከ አሥር ቁጠር። አድማሱ አይዘንብል። ተኳሽ ፊት አትቁም። ስትቀርጽ አታውራ፣ ድምፅህ ይገባል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ደብተርህ ላይ ጻፍ። ከሁሉም በላይ ግን፣ አታስደግም።

«ወታደር አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው» ትላለች ሻምበል ጥሩአየሁ። «ያመለጠህ አመለጠህ። አንተ ምስክር ነህ እንጂ ደጋሽ አይደለህም።»

ታዘበው እሺ አለ። በማግሥቱ የካምፑ አዛዥ፣ ኮሎኔሉ፣ ልምምድ ሊያዩ በመኪና መጡ። ኮሎኔሉ ወርደው ኮፍያቸውን ሲያስተካክሉ ታዘበው ካሜራውን ደግኖ ከፊታቸው ቆመና፣ አራት ዓመት የለመደ አፉ ቀደመው፤ «ይቅርታ፣ አንዴ ተመልሰው ይውረዱልኝ» አላቸው። ኮሎኔሉም ሳያስቡት ተመልሰው መኪናው ውስጥ ገቡ። በሩን ከዘጉት በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው። ታዘበው ያን ቀን ሜዳውን ከነሣጥኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ የቆጠረ የለም።

ሦስት ወሩ እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀና የመፈተኛው ቀን ደረሰ። ትልቅ የመስክ ልምምድ ነበር፤ ግማሹ ጠላት ሆኖ ይከላከላል፣ ግማሹ ያጠቃል። አሥራ ሁለቱ ቀራጮች ለየክፍሉ ተደለደሉ፤ እያንዳንዱ ያየውን ቀርጾ ያመጣል፤ በዚያው ያልፋል ወይም ይወድቃል። ለታዘበው የደረሰው የቁስለኛ ማውጣት ነው። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ይሮጣሉ፣ ቁስለኛውን ያነሣሉ፣ ሕክምናው ድንኳን ያደርሳሉ። ታዘበው ይህን ይቀርጻል። ሌላ ሥራ የለውም።

ቁስለኛ ሆኖ የተመረጠው ሰማው የሚባል ግዙፍ ወታደር ነው። ደረቱ ላይ «እግሩ ተሰብሯል፤ ራሱን ስቷል» የሚል ወረቀት ለጠፉበትና ቁጥቋጦ ሥር አጋደሙት። እንዳይንቀሳቀስ፣ እንዳይናገር በብርቱ ታዘዘ። ክፍሉን የሚያዝዘው ሃምሳ አለቃ ምናለ፣ ድምፁ ከመለከት የማያንስ ሰው፣ እልፍ ብሎ ጉብታ ላይ ቆመ።

ልክ በአራት ሰዓት ከአሥር ተጀመረ። ታዘበው ቀድሞ ሮጦ ከሰማው ራስጌ ደረሰና ካሜራውን ደገነ። ቃሬዛ የያዙት ሁለቱ ግን ከታች ከነቃሬዛቸው ቦይ ውስጥ ገቡ፤ የአንደኛው ቁርጭምጭሚት ዞረ፣ ሌላኛው እሱን ሊያወጣ ተጠመደ። ምናለ ይህን አላየም። እሱ ከጉብታው ላይ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ቁስለኛው ተጋድሟል፣ አንድ ወታደር ጀርባውን ሰጥቶ አጠገቡ ቆሟል። ካሜራው በታዘበው ጀርባ ተከልሏል።

«አንተ!» አለ ምናለ። «አንሣው!»

ታዘበው ፊቱን ሳያዞር «እያነሣሁት ነው፣ ሃምሳ አለቃ!» አለ። ስትቀርጽ አታውራ ቢባልም፣ ትእዛዝ መልስ ይፈልጋል።

«በጥንቃቄ! አንገቱን ያዝ!»

ታዘበው ተንበርክኮ ሌንሱን ወደ ሰማው አንገት አስጠጋ። አሥር ቆጠረ። «ይዤዋለሁ!»

«ወገቡንም ያዝ!»

ወገቡንም ያዘ።

«እግሩ! እግሩን እንዳትረሳ!»

እግርማ የለመደው ሥራ ነው። በሞጣ የሙሽራ ጫማ ካልተነሣ ሠርግም አይባል። ታዘበው የሰማውን ከስክስ ጫማ ከግራም ከቀኝም አነሣው። ሃምሳ አለቃው ሥራዬን እንዲህ ያውቀዋል ለካ ብሎ ተደነቀ።

በዚህ መሃል ከሰማው ሥር የጉንዳን መንገድ ነበር። ጉንዳኖቹ መንገዳቸው ላይ የተጋደመው ተራራ ምን እንደሆነ መርምረው፣ በሱሪው በኩል መውጣት ጀምረዋል። ሰማው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በጥርሱ መሃል፣ «ወንድሜ፣ ጉንዳን» አለ።

«ዝም በል፣ ድምፅ ይገባል» አለው ታዘበው።

«ከፍ አድርገው!» አለ ምናለ።

ታዘበው ተነሥቶ ካሜራውን ከፍ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ቀረጸ። የሰማው ፊት ላብ ወርዶታል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ታዘበው በአራት ዓመት የሠርግ ሥራ እንዲህ ያለ ፊት አላጋጠመውም። ይህ ሰው ቁስለኛነቱን እንዴት አድርጎ ያውቅበታል እያለ አሥር ቆጠረ፤ ደግሞም አሥር ቆጠረ።

«አነሣኸው ወይ?»

«ሁሉንም አንሥቼዋለሁ! ፊቱም በደንብ ወጥቷል!»

«የምን ፊት ነው?» አለ ምናለ።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ራሱን የሳተው፣ እግሩም የተሰበረው ሰማው ብድግ አለ። ቀበቶውን እየፈታ፣ ቁጥቋጦውን ዘሎ፣ ቦይ ውስጥ ያሉትን ቃሬዛ ያዦች ዘሎ፣ ሽቅብ ወደ ሕክምናው ድንኳን በረረ። ታዘበው ከኋላው በዳክዬ እርምጃ ተከተለው፤ አድማሱ እንኳን አልዘነበለበትም። ድንኳኑ በር ላይ የሚመዘግበው አስታማሚ ያየውን የሚጽፍ ሰው ነበርና እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ቁስለኛው በአራት ሰዓት ከሃያ አንድ ደረሰ። በሩጫ።»

ምናለ ከጉብታው ሲወርድ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ይህን ሰው ወጥ ቤት እንኳ አትመድቡት፣ ሽንኩርት አንሣ ቢሉት ቆሞ ያየዋል አለ። ሻምበል ጥሩአየሁ ግን፣ የቀረጽከውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስተካክለህ አምጣ፣ ኮሎኔሉ ያዩታል ብላ ብቻ ሄደች።

ታዘበው ምሳውን ሳይበላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። መላውን ያውቀዋል፤ ስንት የወደቀ ሙሽራ በጽጌረዳ ሸፍኖ የለ። ያን ሁሉ «አንሣው»፣ «እያነሣሁት ነው» ቆርጦ ጣለው። ጉንዳኑን ጣለው። ሩጫውን ጣለው። የቀረው አንድ ደቂቃ ነው፤ ቁስለኛው ይጋደማል፣ ፊቱ ይታያል፣ ከዚያ ድንኳን ውስጥ ይገኛል። የሚያምር ሥራ ነው። ሃያ አራቱ ማኅበርተኞች ፊት ቢታይ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ደግሞ ከፈተና አየው። ቁስለኛው ከመሬት ወደ ድንኳን እንዴት እንደሄደ አይታወቅም፤ መልአክ የነጠቀው ይመስላል። ደብተሩን ገለጠው። በገዛ እጁ፣ ከአራት ሰዓት ከአሥር እስከ አራት ሰዓት ከሃያ አንድ ብሎ ጽፏል። ሰማውስ ደህና ነው፣ ትንሽ ከማበጥ በቀር ምንም አልሆነም። ቀን ጥሎት እውነተኛ የሚደማ ሰው እዚያ ቢጋደምስ፣ ምናለ ከሩቅ አንሣው ቢልስ? ይህን አንድ ደቂቃ ያየ ሁሉ፣ ሥራው ደህና ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታዘበው ከዚያ የቆረጠውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰ፤ የገዛ ድምፁንም ጭምር። ለእናቱ የሚለውን እያሰበ፣ በዘጠኝ ሰዓት አስረከበ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሌሎቹ ሥራ ታየ፤ ጥይቱ፣ ጭሱ፣ ሩጫው። የታዘበው ሲጀመር በመጀመሪያው «አንሣው» ላይ አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። «ፊቱም በደንብ ወጥቷል» ላይ ሲደርስ ከወንበሩ የወደቀ አለ። ሰማው ብድግ ሲል ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምናለ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኗል። ታዘበው ደግሞ መሬቱን እያየ፣ ድንች ስንት ዓይነት አላላጥ እንዳለው ያስባል።

መብራት ሲበራ ኮሎኔሉ ገና ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ቀስ በቀስ ረጋ አሉና፣ «ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ብለው ጠየቁ።

«አሥራ አንድ» አለ ታዘበው።

«በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሰው ደሙ ያልቃል» አሉ።

ኮሎኔሉ እንደገና ይታይ አሉ፤ በሁለተኛው ማንም አልሳቀም። ቦዩን አዩት፤ የምናለን አቋቋም አዩት፤ ሁለተኛ ቃሬዛ አለመዘጋጀቱን አዩት። መጨረሻም ላይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁስለኛ ተሸከም፣ ካሜራ ቅረጽ ይባላል፤ አንሣ የምትባል ቃል በልምምድ ላይ እንዳልሰማ ብለው አዘዙ። ትእዛዙ ጥብቅ ነበርና ለአንድ ሳምንት ምግብ አዳራሽ ውስጥ «ሳህንህን አንሣ» የሚል ደፋር ጠፋ፤ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ተከመረ።

በማግሥቱ ያለፉት ሠልጣኞች ዝርዝር ተለጠፈ። ታዘበው ከታች ጀምሮ አነበበ፤ ብዙም አልደከመ፣ ስሙ የመጨረሻው፣ ስምንተኛው ነው። ከስሙ ጎን በእስክርቢቶ፣ «የአንድ ሳምንት የቃሬዛ ልምምድ ይጨመርለት» ተብሎ ተጽፏል። ሻምበል ጥሩአየሁ ከኋላው ቆማ ነበር።

«በቀረጻህ አይደለም ያለፍከው» አለችው። «ቀረጻ ይማሩታል። ቆርጠህ መልሰኸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ አይቼዋለሁ። ባትመልሰው ኖሮ ዛሬ ወጥ ቤት ነበርክ።»

ያን ሳምንት ታዘበው ጠዋት ጠዋት ቃሬዛ ተሸከመ። ቁስለኛ ልሁን ብሎ በፈቃዱ የመጣው ሰማው ነው። ጀርባውን አመቻችቶ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ «ቀስ ወንድሜ፣ አጥንቴ ተሰብሯል እኮ» ይለዋል። አንዳንዴም ሜዳው ከተዞረ በኋላ አልወርድም ይላል።

በዓመቱ ለፍልሰታ ፍቺ ታዘበው ፈቃድ አግኝቶ ብቸና ገባ። ዩኒፎርሙን ለብሶ ነው የገባው። ወይዘሮ አየሁሽ በማርያም ቀን ይዘውት ማኅበሩ ቤት ሄዱ፤ ሃያ አራቱም ሳሙት፣ መረቁት፣ አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ ይህ ሁሉ የተባለለት ሥራ ይታይ ተባለ። ታዘበው የሠራዊቱ ምስል ከግቢ እንደማይወጣ፣ በስልኩም አንድም ነገር እንዳልያዘ ነገራቸው።

ወይዘሮ ይርጋነሽ እግራቸውን ዘረጉ። «እሱማ አይወጣም» አሉ። «ምን ኖሮት ይወጣል።»

ወይዘሮ አየሁሽ ፊታቸው ጠቆረ። አንገታቸውን ደፍተው የነጠላቸውን ጥለት ማጠፍ ጀመሩ። ታዘበው ይህን ሲያይ አላስቻለውም፤ ተነሣና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። የምናለን ድምፅ አወጣ። የሰማውን ዓይን አፈጠጠ። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ጉንዳኑ በየት በየት እንደወጣ በጨዋ ቃል አስረዳ። ኮሎኔሉን ከመኪና ማስደገሙንም አልደበቀ። ከስምንቱ ስምንተኛ ሆኜ አለፍኩ አላቸው። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው አንዳቸው በሌላቸው ላይ ወደቁ፤ አንዷማ አየር ፍለጋ ደጅ ወጡ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ አልሳቁም። ሲያዳምጡ ቆይተው ብርሌያቸውን አነሡ።

«ይኼ እውነት ነው» አሉ። «ቢዋሽ ኖሮ አንደኛ ወጣሁ ይል ነበር። የካሜራ ወታደር አለ ማለት ነው። አየሁሽ፣ ይቅር በይኝ።»

ወይዘሮ አየሁሽ ይቅር አሉ፤ ምን ያድርጉ። ቤታቸው ደጅ ሲደርሱ ግን ቁልፉን ከመቀነታቸው እየፈቱ፣ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አምስተኛ ብትላቸው ምን ነበረበት?» አሉት። «ጉንዳኑ ላይ ያመኑህ ያምኑህ ነበር።»